የቤት እባብን ለቃጠሎ የሚዳርጉ ስህተቶች

«ከሞቀው ራሱ ይሸሻል።» ልጄ ቦል ፓይተን የሚባለውን ትንሽ ዘንዶ ስትገዛ ሻጩ የነገረን ይህን ነበር፤ እኔም አምኜ ተቀበልሁ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ እዚህ ዴንቨር በረዶው በከበደበት ሳምንት፣ ልጄ እባቡን ስታነሳው የሆዱ ቅርፊት የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ቀልቶ፣ ዳርና ዳሩ ውሃ ቋጥሮ አየን። ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ሌላ ሰው በእንስሳው ሥቃይ እንዳይማረው ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። የቦል ፓይተን አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ቀኑን አይጦች በቆፈሩት ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተሸሽጎ ያሳልፋል። በዚያ ሙቀት የሚመጣው ከላይ፣ ከፀሐይ ስለሆነ የሞቀው እንስሳ ወደ ታች ሲገባ ይቀዘቅዝለታል። እኛ ግን በመስታወት ሳጥኑ ሥር ማሞቂያ ምንጣፍ ዘርግተን ዓለሙን ገልብጠንበታል፤ ለመሸሸግ ወደ ታች በቆፈረ ቁጥር እንደ ምጣድ ወደጋለው ወለል ይቀርባል። እባብ ሕመም አይሰማውም የሚሉትን አይስሙ፤ ይሰማዋል። ነገር ግን ሰውነቱን የሚያሞቅበት ሌላ ስፍራ ካጣ እየተቃጠለም ቢሆን ላይነሳ ይችላል።

ማሞቂያውን በቀጥታ ከሶኬት ማገናኘት

ማሞቂያ ምንጣፍ በቃኝ አያውቅም። ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ይግላል፤ ተቆጣጣሪ ከሌለው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ቦል ፓይተን ግን በሞቃቱ ጎን የሚፈልገው ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ከማሞቂያው ጋር አብሮ የሚገዛ እንጂ በሚቀጥለው ወር ደመወዝ የሚታሰብ ዕቃ አይደለም። ለምንጣፍ የሚያበራና የሚያጠፋው ቀላሉ ዓይነት ይበቃል፤ ለአምፖል ብርሃኑን ቀስ እያለ የሚቀንሰው ዓይነት ይሻላል።

የቴርሞስታቱን ዳሳሽ ያለ ቦታው ማስቀመጥ

እኛን የጣለን ይህ ነው። ቴርሞስታት ነበረን፤ ቁጥሩም በየቀኑ 31 ይላል። ዳሳሹን፣ ማለትም ሙቀቱን የሚለካውን የሽቦውን ጫፍ፣ ያስቀመጥነው ግን አምስት ሴንቲሜትር በሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ ላይ ነበር። ጉዝጓዙ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ከታች አፍኖ ይይዘዋል። ላይኛው ገጽ 31 እንዲደርስ ማሞቂያው ሲታገል ከሥር ያለው መስታወት ከ45 ዲግሪ በላይ ግሏል። እባቡ ደግሞ ጉዝጓዙን ፈልፍሎ መስታወቱ ላይ ተኝቷል። የምናየው ቁጥር ትክክል ነበር፤ የተለካው ግን እባቡ የተኛበት ቦታ አልነበረም።

ዳሳሹ መሆን ያለበት በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል፣ ወይም ከምንጣፉ ትይዩ በሆነው የውስጥ ወለል ላይ፣ ከጉዝጓዙ ሥር ነው። በዚያ በኩል ጉዝጓዙ ስስ ይሁን። በጥብቅ መያያዝም አለበት፤ ፓይተን ጡንቻው ብርቱ ነው፣ ሽቦውን ገፍቶ ወደ ቀዝቃዛው ጎን ቢወስደው ቴርሞስታቱ «ገና ብርድ ነው» ብሎ ማሞቂያውን ሌሊቱን ሙሉ ያነደዋል። የውሃ ሳህን ተደፍቶ ወይም እባቡ ሸንቶበት ቢርስም እንዲሁ ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል። ለማያያዝ ብለው በሳጥኑ ውስጥ ፕላስተር አይለጥፉ። የእባብ ቆዳ ከተጣበቀበት ሲላቀቅ ቅርፊቱ አብሮ ይነሣል።

በእጅ መለካት

የመዳፋችን ቆዳ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ 40 ዲግሪ የደረሰ ወለል ስንነካው ለብ ያለ ብቻ ይመስለናል። በመስታወቱ ላይ የሚለጠፉት ባለ ቀለም ወረቀቶችም የሚነግሩን የተለጠፉበትን መስታወት ሙቀት እንጂ የወለሉን አይደለም። ገጽን ከርቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ መለኪያ ይግዙ። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ግን ለሰው ሰውነት የተሠራ ስለሆነ አያገለግልም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ መሣሪያው በፋራናይት ይሁን በሴንቲግሬድ መሆኑን አረጋግጡ፤ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 90 ፋራናይት ገደማ ነው።

አምፖልንና የሴራሚክ ማሞቂያን ያለ መከለያ መስቀል

የሴራሚክ ማሞቂያ ብርሃን ስለሌለው ጨለማ ውስጥ የጠፋ ይመስላል፤ ገጹ ግን ከ200 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ፓይተን ሌሊት ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚጠመጠምበት ነገር ካገኘ ይጠመጠምበታል። በሳጥኑ ውስጥ የሚሰቀል ማንኛውም ማሞቂያ የእባቡ ራስ የማያልፍበት የሽቦ መከለያ ይኑረው፤ መከለያው በብሎን ይታሰር። ከዚያም መከለያውን ራሱን ይለኩት፤ እባቡ እሱ ላይ ሊያርፍ ይችላልና። አምፖሉ የሚገባበት ሶኬትም የሸክላ መሆን አለበት፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ድንጋይ

አይግዙት። አንዱ ጎኑ ቀዝቅዞ ሌላው እሳት ይሆናል። ካለዎትም ከሶኬት ነቅለው ያስወግዱት።

ሳጥኑን በሙሉ አቀዝቅዞ አንድ ሙቅ ነጥብ ብቻ መተው

በብርድ ወቅት ብዙ ቃጠሎ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቤቱ 18 ዲግሪ ሲሆን እባቡ ያቺኑ አንዲት ሙቅ ቦታ አይለቅም። ቀዝቃዛው ጎን እንኳ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን፤ በሁለቱም በኩል መሸሸጊያ ይኑር፤ አለዚያ ከመጋለጥ ይልቅ መቃጠልን ይመርጣል። መብራት ሲጠፋ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ማስገባትም እንዲሁ ያቃጥላል። ጠርሙሱን በወፍራም ፎጣ ይጠቅልሉት።

ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ

እኔም መጀመሪያ እጄ የሄደው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ወደ ቅቤው ነበር። እናቴ የተቃጠለ ጣቴን እንዲህ ነበር የምታክመው። አያድርጉት፤ ቅባት ሙቀቱን ያፍናል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ቃጠሎው ገና ከሆነ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያብርዱት፤ በረዶ አይጠቀሙ። ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ። ጉዝጓዙን አውጥተው ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ፤ ፍቅፋቂ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃልና። ለሰው የተሠራ የሕመም ማደንዘዣ ያለበት ቅባት ደግሞ ለእባብ መርዝ ሊሆን ይችላል። ከዚያ እንደ እባብ ያሉ እንስሳትን ለሚያክም የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፤ የቃጠሎው ጥልቀት የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ዛሬ ሮዝ የሆነው ቅርፊት በሳምንቱ ሊጠቁር ይችላል።

የኛው ለመዳን አምስት ጊዜ ቆዳውን መቀየር ነበረበት። የሆዱ ቅርፊት በዚያ በኩል አሁንም ተሸብሽቦ ይታያል። ልጄ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ከመተኛቷ በፊት፣ ጉዝጓዙን በጣቷ ገለጥ አድርጋ መስታወቱን ትለካና ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።