የጥናት ጽሑፍ መግቢያ ላይ ክፍተቱን በግልጽ አሳዩ

የጥናት ጽሑፍ እየጻፋችሁ ከሆነ፣ መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉት። ቀድማችሁ ጽፋችሁት ከሆነም መጨረሻ ላይ እንደገና ሥሩት። ውጤቱ ሳይታወቅ የተጻፈ መግቢያ ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ጥናት የሚያወራ ይመስላል።

ለአወቃቀሩ፣ የቋንቋ ምሁሩ ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ባለ ሦስት እርምጃ ሞዴል በጣም ይረዳል። መጀመሪያ ጉዳዩን ታስተዋውቃላችሁ። ቀጥሎ ያልተመለሰውን ጥያቄ ታሳያላችሁ። ከዚያ የእናንተ ጥናት ያንን ክፍተት እንዴት እንደሚሞላ ትናገራላችሁ።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ሁለተኛው ላይ ነው። «በዚህ ርዕስ ላይ በቂ ጥናት አልተደረገም» ብሎ ያልፋል። ይሄ ብቻውን ማንንም አያሳምንም። ያልተጠና ነገር ሁሉ መጠናት አለበት ማለት አይደለማ! ምን እንዳልታወቀ ለይታችሁ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «የእንቅልፍ እጦት በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ የተጠናው በቀን ተማሪዎች ላይ ነው። ቀን እየሠሩ ማታ በሚማሩት ላይ ግን ያው ይሁን አይሁን አልታወቀም።» አያችሁ? ጥያቄያችሁን ገና ሳትነግሩት አንባቢው ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። ከዚያ መልሱ ለማን እንደሚጠቅም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።

«የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ…» ዓይነት አጀማመር ካለ ያለ ርኅራኄ ሰርዙት።

ደግሞ ክፍተት አለ ከማለታችሁ በፊት የቅርብ ዓመታት ጽሑፎችን በደንብ ፈልጉ። ጥያቄው ቀድሞ ተመልሶ ከሆነ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያነሳባችሁ እሱን ነው።