ስኪንኳ አልበላም ካለች

የወንድሜ ልጅ ከደጀን ቁልቁል፣ ከአባይ በረሃ በካርቶን ያመጣት እንሽላሊት አመለጠች። ጎረቤታችን «እባብ ገባብን!» ብለው ሰፈሩን አተራመሱት። እባብ አይደለችም፣ ስኪንክ የምትባል የእንሽላሊት ዓይነት ናት። ቆዳዋ ዘይት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ እግሯ አጭር ነው፣ አንገቷ ከትከሻዋ አይለይም። ቆዳው ሻካራ ሆኖ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሌላ ነው። ማታ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ደግሞ ዐይኑን አይጨፍንም፤ እሷ ትጨፍናለች።

አትበላም፣ ፈዛለች

ደብረ ማርቆስ ላይ መጀመሪያ ብርዱን ጠርጥሩ። ሰውነቷ ካልሞቀ ምግብ አይፈጭላትም። እኔ ስድስት ቀን ሙሉ ፌንጣ እየቀያየርኩ ለመንኳት። ለካ የሰቀልኩላት አምፖል ኤልኢዲ ነው፤ ያበራል እንጂ አያሞቅም! የድሮውን፣ የሚያቃጥለውን አምፖል በሣጥኑ አንድ ጫፍ ስቀሉ፤ እንዳትነካው ከፍ ይበል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። ድንጋዩ ላይ ቴርሞሜትር ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያሳይ፤ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይበል፣ መሸሻዋ ነው። በማግስቱ ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ አገኘኋት፤ ከሰዓት ፌንጣውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

መብራት ከሄደ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አስጠጉላት። እስኪመጣ ድረስ አታብሏት።

እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ መንጋጋዋ ለስልሷል

ካልሲየምና ፀሐይ አጥታለች። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ የሚጠቅማትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጠዋት በወንፊት ሽቦ በተከደነ ሣጥን ደጅ አውጧት፣ ግማሹ ጥላ ይሁን። የእንቁላል ቅርፊት አልማችሁ ፈጭታችሁ ፌንጣው ላይ ነስንሱ። የተጣመመ አጥንት ግን ስለማይቃና ሳይብስ የእንስሳት ሐኪም ያያት።

ጅራቷ ተቆረጠ

ራሷ ናት የጣለችው። ቁራጩ መሬት ላይ ሲፈራገጥ ልጆቹ ጮኹ፤ ጠላቷን የምታታልለው እንዲህ ነው። ቅባት አትቀቡ። ቁስሉ እስኪደርቅ አፈሩን አውጥታችሁ ጋዜጣ አንጥፉ። ይበቅላል፣ ግን አጥንት የለውም፣ መልኩም ይለያል።

አሮጌ ቆዳ ጣቷ ላይ ቀረ

አትላጡት። እንደ ክር አንቆ ጣቷን ሊያስቀርባት ስለሚችል ግን ችላም አትበሉት። ለብ ባለ፣ ጣቷን ብቻ በሚሸፍን ውሃ ሩብ ሰዓት አቆይታችሁ በጥጥ አሹላት። ከዚያ በኋላ ገል ደፍታችሁ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጉላት።

ፀረ ተባይ የተነፋበት ቤት በረሮ አታብሏት። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባል፣ ሆድ የሚያሳምም ተህዋስ ሊኖርባት ይችላል።