ሐረር ላይ የቤት ውስጥ ዲዛይን ሰዎችን ልትሰበስቡ ካሰባችሁ አዳራሽ አትከራዩ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የኢንቴሪየር ዲዛይን ሰዎችን ይዛችሁ ሐረር ልትሄዱ ከሆነ የሆቴል አዳራሽ አትያዙ። ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ የሰው ቤት እየነደፍኩ ነው፣ የመጀመሪያውን ስብስብ ሳዘጋጅ የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው። በግንብ ከታጠረው ከአሮጌው ከተማ፣ ከጁገል ውጭ አዳራሽ ያዝን። ፕሮጀክተር ተተከለ። የሐረሪ ቤት ፎቶ ግድግዳ ላይ እያሳየሁ ግማሽ ቀን ሙሉ አወራሁ፣ ቤቱ ራሱ ግን ከዚያ በእግር አስር ደቂቃ አይርቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ገባንበት። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ጠዋቱን ሙሉ ያወራሁት ነገር እዚያ በአምስት ደቂቃ ያለቀ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ስብሰባው የሚካሄደው ቤቱ ውስጥ ነው።

ከሰው ቁጥር ጀምሩ። ከአስራ ሁለት አትለፉ፣ አስር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ጁገል ውስጥ የአባቶቻቸውን ቤት የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። በስልክ ብቻ አትጨርሱ። አንድ ሰው ቀድሞ ይሂድ፣ ከቤቱ እመቤት ጋር ቡና ይጠጣ፣ ምን ልታደርጉ እንደምትመጡ በግልጽ ይንገራቸው። ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ሜትር ዘርግታችሁ እንደምትለኩ፣ ፎቶ እንደምታነሱ፣ ሁሉንም። የትኛው ክፍል ፎቶ እንደማይነሳ እሳቸው ይወስናሉ፣ እናንተ ታከብራላችሁ። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለአዳራሽ ልትከፍሉ የነበረውን ለቤቱ ክፈሉ። አስተማሪው እሱ ነው።

ጊዜውንም ምረጡ። በረመዳን አትሂዱ፣ ቤተሰቡም ይቸገራል፣ እናንተም ቀን የምትበሉት በቀላሉ አታገኙም። ዓርብ እኩለ ቀን ከተማው ለጁምዓ ነው፣ ፕሮግራም አታስገቡበት። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓትም ለብዙ ሰው የእረፍትና የጫት ሰዓት ስለሆነ ባለሙያ ቀጥራችሁ ብትጠብቁ ልትበሳጩ ትችላላችሁ። ከዒድ አል ፈጥር በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት ሲያልቁ ሹዋሊድ ይከበራል፣ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። ለማየት በጣም ያምራል፣ ለስብሰባ ግን ቤቱ ሁሉ በዘመድ ስለሚሞላ አይመችም።

መንገዱ ቀላል ነው። በአውሮፕላን ድሬዳዋ፣ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ በመኪና። ሻንጣችሁ ትንሽ ይሁን፣ የጁገል መንገዶች ጠባብ ናቸው፣ ብዙዎቹ መኪና አያስገቡም። ንጹህ ካልሲ ያዙ። ቀልድ አይደለም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጫማ እያወለቃችሁ ነው የምትውሉት።

አሁን ወደ ዋናው። የመጀመሪያዋ ሰዓት የሁሉም ነገር መሠረት ናት፣ አታባክኗት። እንግዶቹን ወደ ጊዲር ጋር፣ ማለትም ወደ ትልቁ ክፍል አስገቧቸውና ምንም ሳታብራሩ "ተቀመጡ" በሏቸው። ወንበር የለም። ያለው ነደባ ነው፣ ከወለሉ ጋር አብሮ የተሠራ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ፣ አምስት ሆኖ የተከፋፈለ፣ ምንጣፍና ትራስ የለበሰ። ሰዉ የት የት እንደሚቀመጥ ዝም ብላችሁ እዩ። ደፈር ያለው ወጥቶ ከፍ ካለው ላይ ይሰየማል፣ ዓይነ አፋሩ በሩ ጥግ ይቀራል። ሁሉም ቦታ ከያዘ በኋላ ንገሯቸው። ያ ከፍ ያለው አሚር ነደባ ነው፣ የቤቱ ጌታና የትልልቅ ሰው ቦታ፣ ከዚያ ሆኖ በሩ ፊት ለፊት ይታያል። ሰፊው ጊዲር ነደባ ነው፣ የቤተሰቡ። ትንሹ ጥት ነደባ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለውም የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከእይታ ገለል ያለ ነው፣ ማረፊያ።

ይህ ሲነገር ሰዉ ራሱን ያያል። አንዱ ከአሚር ነደባ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ አይቻለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ግድግዳ ሳይሠራ፣ በር ሳይገጠም፣ በከፍታ ብቻ ክፍል እንደተከፈለ አንዴ በገዛ ጉልበታቸው ካወቁት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሜትር አውጡ። የእያንዳንዱን ነደባ ከፍታና ጥልቀት ይለኩ፣ በእጅ ይሳሉ። ስልክ ለዚያች ሰዓት ኪስ ይግባ።

ቀጥሎ ግድግዳውን አንብቡ። በር ላይ ከፍ ብሎ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፣ እንደ ጥንቱ ልማድ። ግድግዳው ውስጥ የገቡት መደርደሪያዎች ቁርኣንና የተከበሩ ዕቃዎች የሚቀመጡባቸው ናቸው። ጎን ላይ ያለችው ኪርታት ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ጠባብ ክፍል ነች። መደቡ ቀይ አፈር የተቀባ ነው። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ይህን የቤቱ ሰዎች ራሳቸው ቢነግሯችሁ ይሻላል፣ ታሪኩ የእነሱ ነው።

አንድ ነገር በቅርብ አሳዩአቸው። የመደቡ ጠርዝ። ስለታም አይደለም፣ ተዳፍኖ ክብ ሆኗል። እጃችሁን ስታሳርፉበት ቀዝቀዝ ያለና ልስልስ ነው፣ ቆዳ የነካችሁ ነው የሚመስላችሁ። ያረፍንበት ቤት እመቤት ስጠይቃቸው "በእጅ ነው የሚቀባው ልጄ፣ ብሩሽ ጠርዙን አያውቀውም" አሉኝ። ይህቺን አረፍተ ነገር አብሬያቸው ለምሠራ አናጺዎች ሁሉ እየነገርኩ ነው።

ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማው ውጡ። በ2 ሰዓት ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ቀለም የተቀቡት ግድግዳዎች፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ሮዙ፣ ፀሐይ ሳትከርባቸው ይታያሉ። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሱና መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ውረዱ። ስሙ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ መንገዱ ዳር ተደርድረው ይሠራሉ፣ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው የትራስ ልብስ ማሰፋት ትችላላችሁ፣ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ጊዲር መጋላ የሚባለውን ገበያ ቅመሙንና ሰዉን እያያችሁ እለፉ። ከዚያ የራስ ተፈሪ ቤት ወደነበረው ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ግቡ። የድሮ የሳር ስፌቶችና ጌጣጌጦች እዚያ አሉ፣ በኋላ ገበያ ላይ የምታዩትን የምትመዝኑበት ዓይን ይሰጣችኋል። በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የራምቦ ቤት የሚባለው ጣውላ ሥራው ያምራል፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። የከተማው ግንብ በአስራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ቢያንስ ከሁለት በሮች፣ ለምሳሌ ከሸዋ በርና ከኤረር በር፣ ግቡና ከተማው ከየበሩ እንዴት እንደሚለያይ እዩ።

ስፌት ስለመግዛት። ሴቶቹ በሳር የሚሰፉት ጥሩ ስፌት ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ገበያ ላይ ግማሽ ዋጋ ጠርታችሁ አትከራከሩ። ከተቻለ ከሰፊዋ እጅ ግዙ፣ ገልብጡት፣ ጀርባው እንደ ፊቱ ጥብቅ ከሆነ ጥሩ ነው። እና እባካችሁ፣ አስራ አምስት ስፌት ገዝታችሁ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ "የሐረሪ ዲዛይን" አትበሉት። የሐረሪ እናት ስፌቷን የምትሰቅለው ስለምትጠቀምበት ነው። ከዚያ ቤት መውሰድ የሚገባን ከፍታውን ነው። ሳሎናችን ውስጥ ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ አንድ ጥግ፣ ትራስ ብቻ ያለበት፣ ሶስት ሶፋ የማይሠራውን ይሠራል። ሶፋ የሞላበት ሳሎን ውስጥ ልጆች መሬት ላይ የሚቀመጡት ለምን ይመስላችኋል?

ማታ ሰው ጅብ ሲመግብ እዩ፣ ባጃጅ ያደርሳችኋል። እራት ፈጢራ ይሁን፣ ወይም ሁልበት መረቅ፣ የአብሽ መረቅ ማለት ነው፣ ቤቱ ውስጥ እንዲሠራላችሁ ቀድማችሁ እዘዙ። ከዚያ በነደባው ላይ በፈለጋችሁት ቦታ ተቀመጡና የቀኑን ንድፍ ተለዋወጡ፣ ጥሩው ጨዋታ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሥራ ስጡ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቤት ሳሎን በአንድ ወረቀት ይሳል፣ እናቱ ስትመጣ የት እንደምትቀመጥ፣ ልጁ የት፣ በድንገት የመጣ እንግዳ የት። ባለፈው አንዷ ተሳታፊ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ቆየች። "ለእናቴ ቦታ የለኝም" አለች። ከዚያ እርሳሷን አንስታ በረንዳውን የሚያዋስነውን ግድግዳ ማጥፋት ጀመረች።