«እሱ አይደለም» ብሎ ለመከራከር፦ አከራካሪ የግድያ ፍርድ እንዴት ይነበባል፣ እንዴትስ ይግባኝ ይባልበታል

ሰው ገድሏል ተብሎ የተፈረደበት ሰው ጉዳይ በሰሜን ሸዋ ሰንበቴ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ከመሀል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚመጣው አውቶቡስ ውስጥም ይነሳል። ግማሹ «ልጁን እናውቀዋለን፣ ዝንቡን እሽ አይልም» ይላል። ሌላው «ፍርድ ቤት ዝም ብሎ አይፈርድም» ብሎ ይመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ወገን የፍርዱን ግልባጭ ያነበበ የለም። የሰውየው ጠባይ ለቅጣት ማቅለያ ይጠቅም እንደሆን እንጂ ፍርድ አያስገለብጥም፤ ፍርድ የሚገለበጠው መዝገቡ ውስጥ ባለ ወይም ሊኖር ሲገባ በጠፋ ነገር ነው። ስለዚህ ወሬውን ወደ ወረቀት ማውረድ ያስፈልጋል።

ቀኑ ሳያልፍ

የግድያ ክስ ደብረ ብርሃን ባለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታይቶ ከተፈረደ ይግባኙ ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ሁለት ቀነ ገደቦች አሉ። ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማስታወቂያ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይገባል። የፍርዱ ግልባጭ እጅ ከገባ በኋላ ደግሞ ዝርዝሩ የይግባኝ ማመልከቻ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል።

ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው በመጀመሪያው ላይ ነው። ቅጣቱ በተነገረ ሳምንት ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል፤ ቀጥሎ በሬ ይሸጣል፣ ጠበቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ይኬዳል፣ ሲመለሱ 15ቱ ቀን አልቋል። ማስታወቂያው ግን ጠበቃ አይፈልግም። የመዝገብ ቁጥሩ፣ የተፈረደበት ሰው ሙሉ ስም፣ ጥፋተኛ የተባለበትና ቅጣቱ የተወሰነበት ቀን፣ «በፍርዱ ቅር ስላለኝ ይግባኝ እላለሁ፤ የፍርዱ ግልባጭ ይሰጠኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርና ፊርማ ይበቃዋል። ቅጣቱ የተነገረ ዕለት ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳትወጡ አስገቡት። ታራሚው ራሱ በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩልም ሊልከው ይችላል፤ ያን ጊዜ የተረከበው ሰው ቀንና ፊርማ ያረፈበት ቅጂ እጃችሁ ላይ ይቅር። «ለኃላፊው ሰጥቼው ነበር» የሚል ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቀኑ ካለፈ አንቀጽ 191 የማስፈቀጃ ማመልከቻ ይፈቅዳል። የዘገያችሁት በራሳችሁ ጥፋት አለመሆኑን ማሳየት ግን የእናንተ ፈንታ ነው። ታሞ ከሆነ የሐኪም ወረቀት፣ መንገድ ተዘግቶ ከሆነ ቀኑን የሚጠቅስ የቀበሌ ወይም የወረዳ ደብዳቤ አያይዙ። «በጸጥታው ምክንያት» ብሎ ማለፍ አያስኬድም፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የትኛው መንገድ እንደሆነ ይጻፍ።

የፍርዱን ግልባጭ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። የክስ ማመልከቻው፣ የምስክሮች ቃል የተጻፈበት የችሎት መዝገብ፣ «ይከላከል» የተባለበት ብይን፣ የአስከሬን ምርመራው፣ ለፖሊስ የተሰጡት ቃሎች ሁሉ ያስፈልጋሉ። ፍርዱ የምስክሩን ቃል በሦስት መስመር አሳጥሮ ያስቀምጠዋል፤ ልዩነቱ ያለው ካጠረው ውስጥ ነው።

መዝገቡን በእርሳስ ማንበብ

መጀመሪያ አንቀጹን እዩ። በወንጀል ሕጉ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ተራ የሰው ግድያ ሲሆን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። 541 የቀለለው ነው፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። አንቀጽ 78 ደግሞ ሕጋዊ መከላከል ነው። ይህን መለየት የሚያስፈልገው «አልገደለም» እና «ገድሏል፣ ግን 539 አይገባውም» ሁለት የተለያዩ ክርክሮች ስለሆኑ ነው። በአደባባይ ሲደባለቁ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል፤ ጠላ ቤት «ተገዶ ነው የመታው» ያለ ወዳጅ፣ «ቦታው ላይ አልነበረም» የሚለውን ጠበቃ መሬት ይከተዋል።

ቀጥሎ የካሬ ደብተር ገጽ አግድም አድርጉና ለእያንዳንዱ ምስክር አንድ መስመር ስጡ። ዓምዶቹ፦ ምን አየሁ አለ፣ ከየት ቆሞ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ብርሃን፣ ከሟች ወይም ከተከሳሽ ጋር ያለው ዝምድና ወይም ቂም፣ ለፖሊስ ቃሉን የሰጠበት ቀን፣ ያን ጊዜ ምን ብሎ እንደነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወርቅ ናቸው። በማግስቱ «ፊቱን አልለየሁም» ያለ ሰው ከአርባው በኋላ ስም ጠርቶ ከሆነ፣ በመካከሉ ምን እንደሰማ የመጠየቅ መብት አላችሁ። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይህ ተነስቶ እንደሆነም ምልክት አድርጉ፤ ያልተነሳ ከሆነ ለይግባኙ ጠበቃ የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

አንድ ምስክር እንውሰድ፤ ለምሳሌ ያህል ነው። «ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በጨረቃ ብርሃን፣ ከማሳው ዳር ሆኜ አየሁት» ይላል። ጨረቃ መኖር አለመኖሯ በወሬ የሚያከራክር ነገር አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ የዚያን ቀን ሠርቀ ሌሊት፣ ማለትም ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ እንደነበረ፣ ወዲያው ያወጣላችኋል። ጨረቃ 15 ሲሞላት ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ሠርቀ ሌሊቱ 20 ከነበረ የወጣችው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ምስክሩ አየሁ ያለው ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሆነ ማለት ነው። በምሥራቅ በኩል ተራራ ካለ ደግሞ የበለጠ ትዘገያለች። በክረምት ከሆነ ጉሙንም አስቡ፤ ጣርማ በር ላይ እንኳን በማታ በቀትርም ከፊት ያለው ሰው የማይለይበት ቀን አለ። ስሌቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ለፍርድ ቤት ከሆነ የሚያስረዳ ባለሙያ በጠበቃው በኩል ይጠራ።

ቦታውንም ሂዱና ለኩ። ርቀቱን በገመድ እንጂ በእርምጃ አትለኩት፤ የእርምጃ ልክ ያከራክራል። ጨረቃዋ በዚያው ዕድሜ ላይ ስትሆን በዚያው ሰዓት ሦስት የምታውቋቸው ሰዎች ጋቢ ለብሰው በየተራ ይቁሙ፤ ማን እንደሚቆም የማያውቅ ሌላ ሰው ከምስክሩ ቦታ ሆኖ ይለይ። ውጤቱን ከነስህተቱ ጻፉ። የዐቃቤ ሕጉን ምስክር ግን ወደዚህ አትጥሩ፣ ቤቱም አትሂዱ፣ ሽማግሌም አትላኩበት። «እውነቱን እንዲናገር ብቻ ነው» ብትሉም ምስክር ማባበል ሆኖ ይቆጠርና ንጹሑን ሰው ይጎዳል።

ልዩነት ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ ምስክር «ዱላው ወይራ ነው»፣ ሌላው «ሽመል ነው» ቢል ዳኛ ከቁም ነገር አይጽፈውም፤ ሁለት ሰው ተማክሮ ካልመጣ እንዲያውም ልዩነት ይጠበቃል። ክብደት ያለው ልዩነት በማንነት፣ በብርሃን፣ በርቀትና በሰዓት ላይ የሚመጣው ነው። 12 ነጥብ የደረደረ ይግባኝ ሦስቱን ጠንካሮች ራሱ ይቀብራቸዋል።

የእምነት ቃል ካለ የተያዘበትን ቀን፣ ፍርድ ቤት የቀረበበትን ቀንና ቃሉን የሰጠበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት እንዳይኖረው ይደነግጋል። ቃሉ በ48 ሰዓቱና በኋላ በቀረበበት ቀን መካከል የተሰጠ ከሆነ ክፍተቱ ራሱ ጥያቄ ነው። ተደብድቦ ከሆነ የማረሚያ ቤት ወይም የጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቁስል ካለ ያን ገጽ ጠይቁ።

የሐኪም ማስረጃ ሰውየው በምን እንደሞተ ይናገራል እንጂ ማን እንደገደለው አይናገርም። ሆኖም ምስክሩ «ከፊት ለፊት በክላሽ ተኮሰበት» ሲል ወረቀቱ ጥይቱ በጀርባ ገባ ካለ፣ ከዚህ የበለጠ የይግባኝ ነጥብ አታገኙም። አስከሬኑ ሳይመረመር ተቀብሮ ከሆነ፣ ወይም የተገኘው ቀለህ ከተያዘው መሣሪያ ጋር ሳይመሳከር ቀርቶ ከሆነ፣ ፍርዱ ይህን ጉድለት በምን እንደሞላው እዩ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ፍርዱ ማስረጃን የተቀበለበትንም የጣለበትንም ምክንያት እንዲጽፍ ያስገድዳል። «የመከላከያ ምስክሮች ቃል አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም» ብሎ ለምን እንደሆነ ያልተናገረ ፍርድ በዚህ በኩል ክፍት ነው።

ማመልከቻውን ማዘጋጀት

ነጥቦቹን በቁጥር ለዩ፤ በእያንዳንዱ ሥር የመዝገቡን ገጽና የምስክሩን ተራ ቁጥር ጥቀሱ። «ዳኞቹ አድልተዋል» የሚለውን ማስረጃ ከሌላችሁ አውጡት፤ የተናደደ ሰው ጽሑፍ ከማስመሰል በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ከፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለቀጠሮና ለግልባጭ ጥያቄ ደህና ናቸው፤ የግድያ ይግባኝ ግን ለእነሱ አይሰጥም። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለዚህ መሠረት ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለው የሕግ ትምህርት ቤትም ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚጠየቅበት በር ነው።

አዲስ ማስረጃ ከተገኘ ጊዜው ይግባኙ ላይ ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 194 ይግባኝ ሰሚው ተጨማሪ ማስረጃ እንዲሰማ ይፈቅድለታል። ማስረጃው ምን እንደሆነና በሥር ፍርድ ቤት ለምን እንዳልቀረበ አብራችሁ ግለጹ። በዚያ ምሽት ሌላ ቦታ ነበር የምትሉ ከሆነ የስልክ ጥሪ ዝርዝር በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲመጣ ጠይቁ፤ ሳይቆይ ነው ታዲያ። «ለቀጣዩ እናቆየው» ያሉት ማስረጃ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል፤ የ1954ቱ ሕግ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ በአዲስ ማስረጃ ጉዳዩን እንደገና የሚያስከፍት ግልጽ በር አላበጀም። ከይግባኙ በኋላ ያለው ሰበር ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። «ምስክሩ ዋሸ» ሰበር አይገባም፤ «ማስረጃው ለምን እንደተጣለ ምክንያት ሳይሰጥ ጥፋተኛ ተባለ» ግን የሚያስቀርብ ክርክር ነው። ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በአዋጅ 1234/2013 ጊዜው 90 ቀን ነው።

በአደባባይ ስትከራከሩ

በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም የምትለጥፉት ከፍርዱ ገጽ እየጠቀሳችሁ ይሁን፤ ለምሳሌ «በፍርዱ ገጽ 6 ሁለተኛው ምስክር በጨረቃ አየሁ ብሏል፤ የዚያን ቀን ሠርቀ ሌሊት 20 ነበር»። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሰድቦ ከሚያሳልፈው ይልቅ ይነበባል፣ ለሙግትም አይመችም። የምስክሩን ስም፣ ፎቶና ቀበሌ አትጻፉ፤ ጉዳዩ ይግባኝ ላይ እያለ ዳኛን በስም መዝለፍም ፍርድ ቤት ከመድፈር ሊያስቆጥር ይችላል። «እውነተኛው ገዳይ እገሌ ነው» ማለት ከሁሉ የከፋው ነው። የስም ማጥፋት ክስ ያመጣል፤ ከዚያም በላይ በእኛ አገር የደም ነገር ስለሆነ ሌላ ሬሳ ሊያመጣ ይችላል። ሌላ ተጠርጣሪ የሚያሳይ ነገር ካላችሁ በማኅተም ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ስጡ፣ ቅጂውን ያዙ።

አውጫጭኝ (መንደሩ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን የሚያወጣበት ጉባኤ) ተደርጎ «ወፍ ነገረችኝ» በሚል፣ ማለትም ስሙ ባልተገለጠ ጠቋሚ፣ ስሙ የወጣ ሰው ከሆነ፣ ይህ ፖሊስ መጀመሪያ ወደ እሱ ለምን እንደዞረ ያስረዳል። ራሱ ወፉ ግን ችሎት ቀርቦ መስቀለኛ ጥያቄ ያልተጠየቀ ነው። ምስክሮቹ ሁሉ በዚያ ጉባኤ የተቀመጡ ከሆነ ይህን ጠበቃው ይወቀው።

እርቁም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤተሰብ ደም ለማድረቅ ካሳ ሲከፍል መንደሩ «ባይገድልማ ባልከፈሉ» ይላል። ሽማግሌዎቹ በሚጽፉት ወረቀት ላይ ክፍያው ለሰላም እንደሆነና የተፈረደበት ሰው ድርጊቱን አለማመኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ሟች ወገን ካልተስማማ ወረቀቱን ከመፈረም በፊት ለጠበቃ አሳዩት። በእርቅ ክሱ አይቀርም፤ ለቅጣት ማቅለያ ግን ይታያል።

ይቅርታ ሲታሰብ ይኸው ችግር ይመለሳል፤ ይቅርታ ጠያቂ መጸጸቱ ይታያልና «አልገደልኩም» ያለ ሰው ባልሠራው ነገር ተጸጸትኩ ብሎ መፈረም ይጠበቅበታል። ይግባኙ ሳያልቅ እንዲህ ያለ ወረቀት አይፈረም። አመክሮ የተለየ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት የፈጸመ ሰው ሊጠይቅ ይችላል። የመግቢያ ቀኑ የሚቆጠረው ከተያዘበት ጀምሮ መሆኑን በማረሚያ ቤቱ ፋይል ላይ አረጋግጡ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት የተዛወረ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ አብሮት መሄዱን ጠይቁ።