ማስታወቂያ ለማስወገድ መክፈል ወይስ በክፍት ምንጭ መተግበሪያ መተካት፦ እንዴት እንደሚወሰን

ያለ ክፍያ የምንጭናቸው አብዛኞቹ የስልክ መተግበሪያዎች ገቢያቸውን የሚያገኙት ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ሲያሰለቸን መተግበሪያው ራሱ «ከፍለው ያስወግዱት» ብሎ አንድ መውጫ ያሳየናል። ሁለተኛውን መውጫ ግን፣ ማለትም ያንኑ ሥራ የሚሠራና ኮዱን ማንም ሊመረምረው የሚችል የክፍት ምንጭ መተግበሪያ መኖሩን፣ የሚነግረን የለም። የሚከተለው አካሄድ በተለይ ለአንድሮይድ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ማስታወቂያ የሚያሳዩትን መተግበሪያዎች ለይተው ይጻፉ፤ ከዚያም ስልክዎን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው አንድ በአንድ ይክፈቷቸው። የፎቶ ማሳያ፣ የድምፅ መቅጃ፣ የፋይል ማስተዳደሪያ፣ ካልኩሌተርና ቪዲዮ ማጫወቻ ኢንተርኔት ባይኖርም ሥራቸውን ይሠራሉ። የእነዚህ አዘጋጅ ለእርስዎ ሲል በየወሩ የሚከፍለው የሰርቨር (መረጃ አስቀምጦ በኢንተርኔት የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ወጪ ስለሌለበት፣ በእኔ እምነት ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅበት በቂ ምክንያት የለውም። ፋይልዎን በራሱ ሰርቨር የሚያስቀምጥ ወይም በየቀኑ አዲስ መረጃ የሚያቀርብ አገልግሎት ግን የማያቋርጥ ወጪ አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ መክፈል ተገቢ ነው፤ ክፍት ምንጭ አማራጩም ብዙውን ጊዜ የራስን ሰርቨር አዘጋጅቶ ማሠራት ስለሚጠይቅ ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም።

ቀጥሎ ክፍያው በትክክል ምን እንደሚያስወግድ ያጣሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ሰዎች የተጫነ «ብራይተስት ፍላሽላይት» የተባለ የእጅ ባትሪ መተግበሪያ አዘጋጅን፣ የተጠቃሚዎችን መገኛ ቦታና የስልክ መለያ በአግባቡ ሳያሳውቅ ለማስታወቂያ ኩባንያዎች አሳልፏል ሲል ከስሶ ነበር። መብራት ለማብራት የሰውን መገኛ ማወቅ ለምን እንዳስፈለገ መጠየቅ አያዳግትም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት በፕሌይ ስቶር የመተግበሪያው ገጽ ላይ የውሂብ ደህንነት የሚለውን ክፍል ያንብቡ፤ ማስታወቂያው ከዓይን ስለጠፋ ብቻ መረጃ መሰብሰቡ ቆሟል ማለት አይደለምና።

ዋጋውንም በዓመት ያስሉት። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ ግዢና በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ የተለያዩ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለእንዲህ ያለው ግዢ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። በወር 3 ዶላር የሚጠይቅ መተግበሪያ ዋጋውን ሳይጨምር ከ171 ብር ወደ 300 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው።

ክፍት ምንጩን ከመረጡ ኤፍ-ድሮይድ ከተባለው መደብር ይጀምሩ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ይህ መደብር ነፃና ክፍት ምንጭ የሆኑ መተግበሪያዎችን ብቻ ይይዛል፤ አካውንት መክፈትም አያስፈልግም። ፕሌይ ስቶር ላይ ስለማይገኝ ፋይሉን ከይፋዊ ድረ ገጹ ያውርዱ። ስልኩ ካልታወቀ ምንጭ ለመጫን ፈቃድ ሲጠይቅ ለብሮውዘሩ ይፍቀዱ፤ ተጭኖ ሲያልቅም ያንን ፈቃድ ከሴቲንግ ገብተው መልሰው ይዝጉ። በመደብሩ ውስጥ እያንዳንዱ መተግበሪያ የሚያስጠረጥር ነገር ካለው፣ ለምሳሌ ማስታወቂያ ካሳየ ወይም ተጠቃሚውን ከተከታተለ፣ በገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍበታል።

ለቪዲዮና ለሙዚቃ ቪኤልሲን፣ ለይለፍ ቃል ማስቀመጫ ኪፓስ ዲኤክስን መሞከር ይቻላል። ለካርታ ኦርጋኒክ ማፕስ አለ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች በሚሞሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የአገሩን ካርታ አንድ ጊዜ ካወረዱ በኋላ ያለ ዳታ መንገድ ያሳያል። የአንዳንድ መንደሮች ዝርዝር ግን የሳሳ ስለሆነ፣ ሥራቸው በካርታ ላይ የተመሠረተ ሰዎች አስቀድመው በሚያውቁት ሰፈር ይፈትሹት።

ክፍት ምንጭ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። «ሲምፕል ሞባይል ቱልስ» የተባሉት ተወዳጅ መተግበሪያዎች በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለአንድ የንግድ ኩባንያ ተሸጡ። ኮዱ ክፍት ስለነበረ ሌሎች ሰዎች ቅጂውን ወስደው «ፎሲፋይ» በሚል ስም ሥራውን ቀጠሉ፤ የፎቶ ማሳያ፣ የቀን መቁጠሪያና የፋይል ማስተዳደሪያ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚያገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት መተግበሪያው መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ይመልከቱ፤ ዓመታት ካለፉት ይተዉት።

በቴሌግራም ቻናሎች «ፕሪሚየም» እየተባሉ የሚሠራጩት፣ የሚከፈልባቸው መተግበሪያዎች የተነካኩ ቅጂዎች፣ ከሁለቱም መንገዶች አይመደቡም። ማን እንደነካካቸውና ምን እንደጨመረባቸው አይታወቅም፤ ከፕሌይ ስቶር የሚመጣ የደህንነት ዝማኔም አይደርሳቸውም። ባንክ በሚጠቀሙበት ስልክ ላይ ፈጽሞ አይጫኗቸው።

ምትኩን ከጫኑ በኋላ አሮጌውን ወዲያው አያጥፉት። ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ይጠቀሙ፤ ማስታወሻዎችን፣ የይለፍ ቃሎችንና ሌሎች ሰነዶችን በፋይል አውጥተው ወደ አዲሱ ያስገቡና መከፈታቸውን ያረጋግጡ። ለአሮጌው በየወሩ ይከፍሉ ከነበረ በፕሌይ ስቶር የክፍያዎችና ምዝገባዎች ክፍል ገብተው ምዝገባውን ይሰርዙ፤ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ብቻውን ክፍያውን አያቆመውም። ከፍለው የገዙት ካልተስማማዎትም፣ ከግዢው በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላ ገንዘቡ እንዲመለስልዎ በዚያው በፕሌይ ስቶር በኩል ይጠይቁ።