የጠፋው «ር» እና ሳይጠራ የመጣው «ር»

የእንግሊዝኛ ቃሉን ታውቁታላችሁ። ሰውዬው ሲናገረው ግን ጭራሽ አይያዝም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ጆሯችሁ ሳይሆን የአካባቢው አነጋገር ነው።

ምልክት፦ «ር» ጠፋ። የለንደን ሰው፣ የድሮ የቦስተን ሰውም፣ «ካር» በማለት ፈንታ «ካ» ይላል፤ «ፓርክ»ም «ፓክ» ይሆናል። ምክንያቱ ቆየት ያለ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ከአናባቢ በኋላ ያለው «ር» ከሰው አፍ እየወጣ ሄደ። ስኮትላንድ፣ አየርላንድና አብዛኛው አሜሪካ ግን አልተዉትም። መፍትሄው፦ «ር»ን አትጠብቁ፣ አናባቢውን አድምጡ። ከተለጠጠ ብዙ ጊዜ እዚያ «ር» ተጽፏል።

ምልክት፦ ያልተጻፈ «ር» ተሰማ። ሰው የሚያሳብደው ይሄኛው ነው። «ሎው ኤንድ ኦርደር» (ሕግና ሥርዓት) በእንግሊዛዊ አፍ «ሎረን ኦደ» ይሆናል፤ «አይዲያ ኦፍ» ደግሞ «አይዲየረቭ»። ሰውዬው አልተሳሳተም። «ፎር» የሚለውን ቁጥር ለብቻው ሲጠራው «ፎ» ይላል፤ ቀጥሎ «አፕልስ» ከመጣ ግን «ፎራፕልስ» ብሎ «ር»ን ይመልሳል። «ሎው»ም በሱ አፍ የሚያልቀው ልክ እንደ «ፎ» ነው። ስለዚህ ምላሱ ለሱም «ር» ያድለዋል፣ ሳይጠየቅ!

መፍትሄው ቦታውን ማወቅ ነው። ይህ «ር» የሚመጣው በሁለት አናባቢዎች መሃል ብቻ ነው። ከ«ኢ» እና ከ«ኡ» በኋላም አይገባም፤ «ሲ ኢት» «ሲሪት» ሲባል አትሰሙም። የአይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ) ማዳመጫ ፈተና ላይ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ አነጋገር ስለሚመጣ፣ የማታውቁት ቃል ከመሰላችሁ መጀመሪያ «ር»ን አውጡና ሞክሩት።

«ዋርሽ»ስ? በሜሪላንድና በፔንስልቬንያ አንዳንድ አዛውንቶች «ዋሽ»ን (ማጠብ) እንዲህ ይሉታል፤ ዋሽንግተንም «ዋርሺንግተን» ትሆናለች። እዚህ ያኛው ሕግ አይሠራም፣ ከ«ር» ቀጥሎ አናባቢ የለማ። የቆየ የአገር ቤት አነጋገር ነው፤ ትለምዱታላችሁ።

አየርላንድ ውስጥ «ፊልም» «ፊለም» ቢባል አትደንግጡ። ስፖርትን «እስፖርት» ለምንል ሰዎች አናባቢ መጨመር ብርቅ አይደለም።

የመጨረሻው፦ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ሰው «ፔን»ን (እስክሪብቶ) እና «ፒን»ን (ስፒል) አንድ አድርጎ ይጠራል። ከ«ን» እና ከ«ም» በፊት ሁለቱ አናባቢዎች ተዋህደዋል። እነሱም ስለሚቸገሩ እስክሪብቶውን «ኢንክ ፔን» ይሉታል። እናንተም እንዲሁ በሉ። ስም ወይም አድራሻ ከሆነ ግን ሳታፍሩ ፊደል በፊደል አስቆጥሩ።