በህንድ ማዕከላዊ መንግሥት ቅጥር ከካስት ኮታ ከታገዱ

ካስት በህንድ በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ መደብ ነው፤ የካስት ኮታ ደግሞ ወደኋላ ለቀሩ መደቦች የተያዘ የሥራ ድርሻ ነው። መጀመሪያ ውድቅ የተደረጉበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የቃል መልስ ችሎት ፊት ብዙም አይረዳም።

ከዚያ የቅጥር ማስታወቂያውንና የካስት ምስክር ወረቀትዎን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚሁ ነው። የ«ሌሎች ኋላቀር መደቦች» (ኦቢሲ) 27 በመቶ ኮታ የሚሰራው ካስትዎ በማዕከላዊው ዝርዝር ላይ ካለ ብቻ ነው፤ በክፍለ ግዛቱ ዝርዝር መኖሩ አይበቃም። «ክሪሚ ሌየር» የሚባሉት የተሻለ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆችም አይካተቱም። የገቢው ጣሪያ በዓመት 8 ላክ፣ ማለትም 800,000 ሩፒ ነው። የሚቆጠረው የወላጆች እንጂ የአመልካቹ ገቢ አይደለም፤ ደመወዝና የእርሻ ገቢም አይደመሩም። ሁሉን ደምረው ከጣሉዎት ጥሩ መከራከሪያ አለዎት።

ወረቀቱ ዘግይቶ ከሆነስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ከቀነ ገደቡ በኋላ የቀረበ የኦቢሲ ምስክር ወረቀት ተቀባይነት እንዲያገኝ ፈርዷል። ማስታወቂያው ቀኑን በግልጽ ከወሰነ ግን በዚህ ፍርድ ብቻ አይተማመኑ።

አቤቱታዎን ለመሥሪያ ቤቱ ያስገቡ፣ ቀን ያለበት ደረሰኝም ይያዙ። የመጨረሻ ውሳኔ ከተሰጠዎት በአንድ ዓመት ውስጥ ለማዕከላዊው የአስተዳደር ትሪቡናል (ካት) ያመልክቱ። መልስ ካጡ ስድስት ወር ይጠብቁ፤ አንዱ ዓመት ከዚያ ይጀምራል። ትሪቡናሉ ካልፈረደልዎት ቀጣዩ ደጅ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።